የቀድሞ የፓርላማ ተወካያችን ስንት ሕግ አመነጩ? ስንቴስ ተገኙ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ደሴና ኮምቦልቻ)

ምርጫ በተነሳ ቁጥር ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም የምጠየቃቸው ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ሄጃለሁ።

"የቀድሞ ተወካያችን" ሲባል የትኛው ምክር ቤት ነው? ባህር ዳር ነው አዲስ አበባ?

እዚህ የማወራው አራት ኪሎ ስላለው ስለ ፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ባህር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ደሞ የየራሳቸው የከተማ ምክር ቤት አላቸው። ሶስቱን ስለምናደበላልቅ ሰውየውን በማይመለከታቸው ነገር እንወቅሳቸዋለን፣ በሚመለከታቸው ደሞ እንተዋቸዋለን። የሆጤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ለምን አልተነጠፈም የሚለው የከተማው ጥያቄ ነው፣ የታክስ አዋጅ ወይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን የፌዴራሉ ተወካይ እጁን ያወጣበት ነው።

ቁጥሩን ለማወቅ ለሚፈልግ፣ ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ አባላት ከ550 አይበልጡም ይላል፣ በተግባር መቀመጫው 547 ነው፣ ከዚህ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባለው ደሞ ሌላ ነው፣ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል እንጂ አዋጅ አያወጣም፣ እሱን እዚህ ላይ እንርሳው።

ሕግ "ስፖንሰር ማድረግ" የሚሉት ምንድነው?

በእኛ ቋንቋ ሕግ ማመንጨት ነው፣ ማለትም ረቂቁን ይዞ መጥቶ "ይሄ ሕግ ይውጣ" ብሎ ለምክር ቤቱ ማቅረብ። እኛ ጋ መንግሥት ማለትም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያመነጫል፣ ኮሚቴም አባልም ማመንጨት ይችላል። ስለዚህ መብቱ አለ። መብቱ አለ ማለት ግን ይሰራበታል ማለት አይደለም፣ ቀጣዩ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እና የእኛ ተወካይ ስንት ሕግ አመነጩ?

በግላቸው? አንድም። ይሄን ስናገር ሰው ይደነግጣል፣ "አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲሰሩ ነበር ታዲያ" ይላል። ግን ነገሩ የሳቸው ብቻ አይደለም፣ እኛ ጋ የሚወጡት አዋጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ረቂቅ የሚጽፉት የሕግ ባለሙያዎች ያሉት እዛ ነው፣ በጀቱም የሚዘጋጀው እዛ ነው፣ ከፓርቲው ሳይመክር ብቻውን ረቂቅ ይዞ የሚነሳ አባል ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ዜሮ ስላለ ብቻ ሰነፍ ነበሩ ማለት ልክ አይሆንም።

በተቃራኒው ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ተወካዩ መጥተው "በእኔ ዘመን ይሄን ያህል አዋጅ ወጥቷል" ብለው ሲደረድሩ እናጨበጭባለን። እሳቸው በተቀመጡበት ጊዜ የወጣና እሳቸው ያወጡት አንድ አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ተመርቋል፣ ያኔ ወንበር ላይ የነበረ ሰው ሁሉ "እኔ ያመጣሁት ነው" ቢል ምን ልንል ነው? ስለዚህ ሲደረደርላችሁ "የትኛው ላይ ምን አደረጉ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያኔ ዝርዝሩ ያጥራል።

ሕግ ካላመነጩ ሥራቸው የት ነው የሚታየው?

ቋሚ ኮሚቴ ላይ። አንድ ረቂቅ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ ባለድርሻ የሚባሉትን ጠርቶ ያወያያል፣ ከዛ ሪፖርትና የውሳኔ ሃሳብ ይዞ ይመለስና ድምፅ ይሰጥበታል። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ያቺ የመጨረሻዋን እጅ ማውጣት ነው፣ ቃል የሚለወጠው፣ አንቀጽ የሚወጣውና የሚገባው ግን ከዛ በፊት ኮሚቴ ውስጥ ነው።

እና የአንድን የቀድሞ አባል ታሪክ ማወቅ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ" ነው። ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ አልጠየቅኩም። የግብርና ኮሚቴ ውስጥ የነበረ ሰው ስለ ማዳበሪያ ሲጠየቅ "እኔን አይመለከተኝም" ማለት አይችልም፣ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚጠይቀው እሱ ነበርና።

መገኘታቸው እንዴት ነው የሚያዘው?

የዓመቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው፣ በመሀል የአንድ ወር ዕረፍት አለ፣ መደበኛ ስብሰባው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ስብሰባ ለመጀመር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፣ ወንበሩ ሁሉ ቢሞላ 274 ሰው ማለት ነው። አፈ ጉባኤው ሲጀምሩ "ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል" የሚሉት እሱን ነው።

የቀረው ሰው ስም ግን ለእኛ አይደርስም። "ይሄን ያህል አባላት ተገኝተዋል" ተብሎ በቁጥር ይነገራል፣ ከሸዋ በር ወይ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆኖ ስልኩን ከፍቶ "የእኛ ሰውዬ ዘንድሮ ስንት ቀን ቀሩ" ብሎ የሚያይበት ገጽ የለም። ያለው በምክር ቤቱ እጅ ነው፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ታች ጽፌዋለሁ።

ተገኝተዋል ማለት ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው?

አይደለም፣ ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ መገኘት አለ፣ መደገፍ ወይ መቃወም አለ፣ ድምፀ ተአቅቦ ደሞ አለ፣ ማለትም ተገኝቶ ከሁለቱም አለመሆን። መደበኛ ውሳኔ የሚያልፈው ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት በአብላጫው ነው። ድምፁ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፣ የሚነበብልን ደሞ "በዚህን ያህል ተቃውሞ፣ በዚህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል" ነው፣ ስም የለውም።

እኛን የሚነካ ምሳሌ ልስጥ። በጥቅምት 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስድስት ወር እንዲቆይ ነበር የጸደቀው። ያኔ ደሴም ኮምቦልቻም ምን ላይ እንደነበሩ መንገር አያስፈልግም፣ ከተማው የተመለሰው ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ብዙ ሰው ገና ቤቱን እየጠረገ ነበር። የካቲት 8 ቀን 2014 ምክር ቤቱ አዋጁ ጊዜው ሳይደርስ እንዲነሳ ወሰነ፣ 63 ተቃውሞና 21 ድምፀ ተአቅቦ ነበረበት። ለዛ ምክር ቤት 63 ተቃውሞ ትልቅ ቁጥር ነው። ያን ቀን ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ጎረቤታችን ሐጂ የጠየቁትን እስካሁን አስታውሳለሁ፣ "የእኛ ሰውዬ ከስልሳ ሶስቱ ናቸው ከሌሎቹ?" አሉ። ማናችንም መመለስ አልቻልንም። ይነሳ ያለም አይነሳ ያለም የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፣ ሁለቱንም ልንሰማ እንችል ነበር፣ ግን ማን ምን እንዳለ ሳናውቅ ማንን እንጠይቅ?

ባይገኙስ ምን ለውጥ አለው፣ ሁልጊዜ ያልፍ የለ እንዴ?

ለተራ አዋጅ ያው ያልፋል። ሁለት ሶስተኛ ድምፅ ሲያስፈልግ ግን የቀረ ሰው እንደተቃወመ ነው የሚቆጠረው፣ ምክንያቱም የሚሰላው ከተገኙት ሳይሆን ከአባላቱ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲህ ያለ ነው።

የ2010ሩን የምታስታውሱ ካላችሁ። አዋጁ የወጣው የካቲት 9 ነው፣ አባላቱ ዕረፍት ላይ ነበሩ፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ ስላለበት ተጠርተው የካቲት 23፣ በአድዋ ቀን ድምፅ ተሰጠ። በሕይወትና በሥራ ላይ የነበሩት አባላት 539 ነበሩ፣ ሁለት ሶስተኛው 360 ሰው ነው። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ያነበቡት ድጋፍ 346 ነበር፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ። ይሄ እንግዲህ አይሞላም። በኋላ ቁጥሩ ተስተካክሎ ድጋፉ 395 ነው ተባለ፣ አገር ሁሉ ስለ ቆጠራው አወራ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። 395 እና 88 እና 7 ስትደምሩት 490 ነው፣ ከ539 ላይ 49 ሰው አልነበረም ማለት ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ብንሄድ ደሞ የጎደለው 14 ድምፅ ብቻ ነበር። አርባ ዘጠኝ ሰው ቀርቶ አስራ አራት ድምፅ የሚያከራክርበት ቀን አለ ማለት ነው፣ እና "ቢቀሩስ ምን ለውጥ አለው" ለሚል ሰው እኔ የምሰጠው መልስ ይሄው ነው።

ብዙ ቀን የቀረ ተወካይ ሁሉ ሰነፍ ነው?

አይደለም፣ ይታመማል፣ ሐዘን ይደርስበታል፣ የኮሚቴ የመስክ ሥራ አለ፣ በልዑክነት ውጭ ይላካል፣ አንዳንዱ ደሞ ከፓርላማ ወንበሩ ሌላ የመንግሥት ሹመት ደርቦ ይይዛል። የመጨረሻው ላይ እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ሁለቱን እንዴት እኩል ይሰራዋል? ግን ምክንያቱን ሳይሰሙ መፍረድ ልክ አይደለም። "ስንት ቀን ቀሩ" ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው፣ "የቀሩት ምን የተወሰነ ቀን ነው" ሲጨመርበት ነው የሚሞላው።

አሜሪካኖቹ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ በስም ያወጣሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። የታችኛው ምክር ቤታቸው 435 ድምፅ ያላቸው አባላት አሉት፣ እያንዳንዱ ካርድ አለው፣ ከ1973 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው ድምፅ የሚሰጡት፣ በዛ መንገድ የተሰጠ ድምፅ በስም ይመዘገባል፣ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ያየዋል። አባሉ ከወንበሩ ከተነሳ ከሰላሳ ዓመት በኋላም ስንት ረቂቅ አቀረበ፣ የስንቱ ተባባሪ ፈራሚ ነበር፣ ስንቱ ላይ ቀረ የሚለው ይገኛል። እዛ ደሞ ረቂቁን የሚያስገባው አባል ብቻ ነው፣ ፕሬዝዳንቱ እንኳን ሕግ ቢፈልግ በአባል በኩል ነው። ስለዚህ የእነሱን የረቂቅ ቁጥር ከእኛ ጋር ማወዳደር አይሆንም። እነሱም ጋ ከሚገቡት ረቂቆች አብዛኛው ከኮሚቴ ሳይወጣ የሁለት ዓመት ዘመኑ ያልቅና ይሞታል፣ ብዙ ረቂቅ ያስገባ ሁሉ ብዙ ሕግ አወጣ ማለት አይደለም።

እኛ ወሎዬዎች ልናውቀው የሚገባ አንድ ምሳሌ አለ፣ ሚኪ ሌላንድ። አዲስ አበባ ሚኪሊላንድ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ከሂውስተን ቴክሳስ ተመርጦ ከ1979 እስከ 1989 (እ.ኤ.አ) ኮንግረስ ውስጥ ነበር። የእኛን የሰባ ሰባቱን ረሃብ ዓለም ባየበት በ1984 (እ.ኤ.አ) ከሌሎች ጋር ሆኖ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ፣ ራሱም መራው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 (በእኛ አቆጣጠር) ጋምቤላ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ አብረውት ከነበሩት 15 ሰዎች ጋር ሞተ። ስንት ረቂቅ እንደፈረመ ዛሬ ማንም አያነሳም፣ የሚነሳው ያ ኮሚቴ ነው። ለዛ ነው እኔ ሁሌ ኮሚቴ ኮሚቴ የምለው።

የተወካዬን የመገኘት ዝርዝር ራሴ ምክር ቤቱን መጠየቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ ለምን ፈለግከው ተብሎ መከልከል የለበትም፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሰራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የምክር ቤቱ ስብሰባም በዝግ ይሁን ተብሎ ካልተወሰነ በቀር ግልጽ ነው፣ ቃለ ጉባኤም ይያዛል።

ደብዳቤው ጠባብ ይሁን። "ስለ ተወካያችን መረጃ ይሰጠን" ብትሉ ማንም አያገላብጥላችሁም። "የዚህ ምርጫ ክልል ተወካይ የነበሩት እገሌ ከመስከረም እስከ ሰኔ በዚህ ዓመት የተገኙባቸው መደበኛ ስብሰባዎች ብዛት፣ የነበሩበት ቋሚ ኮሚቴ፣ እና በዚህ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የሰጡት አስተያየት" ብላችሁ ለዩት። ቅጂውን አስቀሩ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አጽፉበት፣ ይሄን የምለው ደብዳቤ ጠፋ ሲባል የሚያድናችሁ ያቺ ቁጥር ስለሆነች ነው። ካልመለሱላችሁ ቅሬታው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። አንድ ሰው ከሚጽፍ እድሩ ወይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፈርመው ቢልኩት ደሞ ይሻላል።

"ፓርቲው ወስኖ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" ቢሉኝስ?

ይሄ የሁሉም መልስ ነው፣ እና ግማሽ እውነት አለው፣ ፓርቲ ውስጥ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር አለ። ግን አንቀጽ 54 እንዲህ ይላል፣ አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው። ፓርቲ የሚል ቃል እዛ ውስጥ የለም። እዛው አንቀጽ ላይ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይ አስተያየት ምክንያት ማንም አባል አይከሰስም ይላል። እዛው አንቀጽ ላይ ደሞ መራጩ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከአባልነት ሊወገድ እንደሚችል ተጽፏል። ስለዚህ ትሁት ሆናችሁ "ፓርቲው የወሰነውን ሰምተናል፣ እርስዎ ግን በግልዎ ምን አሉ?" ብትሉ ነውር የለውም። ቢያንስ ውስጥ ውስጡን ተከራክሬ ነበር የሚል ሰው ምን ብሎ እንደተከራከረ ሊነግረን ይችላል።

ድጋሚ ሊወዳደሩ መጥተው ስብሰባ ቢጠሩ ምን ልጠይቅ?

አባቴ አንድ ደብተር አለው፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር፣ ሬዲዮው ስር ነው የሚቀመጠው። ተወካያችን በዕረፍት ወር መራጭ ለማወያየት ቀበሌ አዳራሽ በመጡ ቁጥር ቀኑን፣ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ ይጽፋል። ሶስት ስብሰባ ተመዝግቧል። በሶስቱም "ጥያቄ፦ የውሃ ፈረቃ" የሚል አለ፣ በሶስቱም "መልስ፦ ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ" ይላል፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው የተጻፈበት እስክሪብቶ እንኳን አንድ ነው። ሁለተኛው ላይ ከጎኑ በትንሹ "ለማን?" ብሎ ጨምሯል። ሶስተኛው ስብሰባ ላይ ተነስቶ ደብተሩን ከፍቶ ቀኖቹን አነበበላቸው፣ "እርስዎ ባለፈው በዚህ ቀን አቀርባለሁ ብለውን ነበር፣ ለማን አቀረቡልን፣ ምንስ አሉዎት?" አላቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰውየው የአንድ መስሪያ ቤት ስም ጠሩ፣ በደብዳቤ ነው አሉ፣ አባቴም "የደብዳቤውን ቀን ይንገሩኝና ልጻፈው" አለ፣ ቀኑን አላስታወሱትም፣ አጣርቼ እልካለሁ አሉ። እሱም ተጽፏል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሄዳችሁ አትጩሁ፣ "ምን ሰራችሁልን" ብላችሁም አትጀምሩ፣ ለሱ ሰፊ መልስ ተዘጋጅቷል። የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ በሉ። የካቲት 8 ቀን 2014 ከደገፉት ነበሩ፣ ከ63ቱ፣ ከ21ዱ፣ ወይስ አልነበሩም በሉ፣ በዛ ዘመን ያልነበሩ ከሆነ ደሞ ከራሳቸው ዘመን አንድ ከባድ ውሳኔ ያለበት ቀን መርጣችሁ ሂዱ። ሚኒስትር ሲጠየቅ እጅዎን አውጥተው ስለ ደሴ ወይ ስለ ኮምቦልቻ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ይንገሩን በሉ። አላስታውስም ካሉ ምንም አይደለም፣ አጣርተው እንዲመልሱ ቀን ቁረጡላቸው፣ የተቆረጠውን ቀን ደሞ እዛው ጻፉት።